ድልብ ዳገት ላይ የደከመ ሞተር ሁሉ ያለቀ ሞተር አይደለም

«ሞተሩ ደክሟል» የምትለዋ አነጋገር በአሮጌ መኪና ገበያ ብዙ ብር ታንቀሳቅሳለች። ገዥ ሲናገራት ዋጋ ይወርዳል፤ ሻጭ ራሱ ካመነባት ደግሞ መኪናው በማይሆን ዋጋ ከእጁ ይወጣል። በሰሜን ወሎ፣ በተለይም በላስታ ደጋ ይህች ቃል ከሌላው አካባቢ ይልቅ ቶሎ ትነገራለች። ምክንያቱም ከቆቦ ሜዳ ተነስቶ ወልድያ ድረስ በሰላም የመጣ የቤንዚን መኪና ወደ ድልብ የሚወስደውን ዳገት ሲጀምር ያስነጥሰዋል፤ ጉልበት ያጥረዋል፤ በሁለተኛ ማርሽ እየተለመነ ጋሸና ይደርሳል። ባለቤቱ ላሊበላ ገብቶ ባደረ ማግስት ደላላ ይፈልጋል። መኪናውን የገዛው ሰው ግን ብዙም ሳይቆይ ያንኑ ዳገት በሦስተኛ ማርሽ ሲወጣ ይታያል። ሞተር አልተቀየረም፤ ቴስታታም አልወረደም። የተነካው ከሞተሩ ጎን የተሰካ፣ ከቡጢ የማይበልጥ ዕቃ ብቻ ነው።

ይህ ዕቃ ዲስትሪቢዩተር ይባላል፤ ጣሊያኖቹ ስፒንተሮጄኖ ይሉታል። የኤሌክትሪክ ብልጭታውን ለየካንዴላው በተራ የሚያከፋፍለው እርሱ ነው። የአሮጌ መኪና ነጋዴ ሊብሬና ቦሎ መመልከትን ያህል ይህን ዕቃ መመልከት ቢለምድ ከብዙ ኪሳራ በዳነ ነበር።

አሮጌው ለምን ተወደደ

ጉዳዩ የትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ ሆኖ የሚቀርላቸው አገሮች አሉ። ኢትዮጵያ ውስጥ ግን የኑሮ ጉዳይ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ያገለገሉ መኪኖች ላይ እንደ ዕድሜያቸውና እንደ ሞተራቸው መጠን እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጣለ። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር ከኤሌክትሪክ መኪና በስተቀር አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መወሰኑን አስታወቀ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ቀን የብር የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ከውጭ የሚመጣ መለዋወጫ ሁሉ ከዶላሩ ጋር ወጣ። ሦስቱ ነገሮች ተደማምረው አገር ውስጥ ያለው አሮጌ መኪና እንዳይጣል፣ ይልቁንም እየተጠገነ እንዲቆይ አስገደዱ። የነዳጅ ድጎማው ከሐምሌ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ደረጃ በደረጃ መነሳቱም ቤንዚን የሚያባክን ሞተር በየጉዞው ኪስ የሚነካ እንዲሆን አድርጎታል።

ስለ የትኞቹ መኪኖች ነው የሚወራው? ስለ ቮልስዋገን፣ ስለ ላዳ፣ ስለ ፊያትና ስለ ፔጆ፣ ስለ ቤንዚን ላንድሮቨርና ስለ ቀድሞዎቹ ባለ ስድስት ሲሊንደር ቤንዚን ላንድክሩዘሮች ነው። ወሎ ውስጥ ላንድሮቨርና ላንድክሩዘር የቆየ ታሪክ አላቸው፤ በ1977ቱ ድርቅ ዘመን የዕርዳታ ድርጅቶች እህልና ሐኪም ያመላለሱባቸው ነበሩና። በናፍጣ የሚሠራ መኪና እዚህ ውስጥ አይገባም፤ ናፍጣ በግፊት ሙቀት ስለሚቀጣጠል ካንዴላም ዲስትሪቢዩተርም የለውም። ይህን ማንሳት ያስፈለገው «ዲስትሪቢዩተሩ አዲስ ነው» ተብሎ የናፍጣ መኪና የተደለለበት ሰው እንዳይኖር ነው።

በክዳኑ ሥር ምን አለ

አሠራሩ ከመቶ ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። አሜሪካዊው ቻርልስ ኬተሪንግ የፈለሰፈው የባትሪ ማቀጣጠያ ከኤሌክትሪክ ማስነሻ ጋር እ.ኤ.አ. በ1912 ካዲላክ መኪና ላይ ከዋለ ወዲህ መሠረቱ ሳይለወጥ ለስልሳና ሰባ ዓመት ሠርቷል። የባትሪው 12 ቮልት ወደ ቦቢና ይገባል። ዲስትሪቢዩተሩ ውስጥ ፑንቲና የምትባል፣ እንደ ከንፈር የምትከፈትና የምትዘጋ የብረት መገናኛ አለች። ስትዘጋ ቦቢናው ይሞላል፤ ስትከፈት የተጠራቀመው ኃይል በአንድ ጊዜ ይፈነዳና 15 ሺህ፣ 20 ሺህ ቮልት ሆኖ ይወጣል። የሚሽከረከረው ሮቶር ያንን ተቀብሎ ክዳኑ ላይ ላሉት የካንዴላ ገመዶች በየተራቸው ያድላል። ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር በደቂቃ 3,000 ጊዜ ሲዞር ፑንቲናዋ በሴኮንድ 100 ጊዜ ትከፈታለች ማለት ነው። አንዲት የጥፍር መጠን የሌላት ብረት ይህን ያህል መሥራቷ ሲታሰብ ማለቋ አያስገርምም፤ የሚያስገርመው መቆየቷ ነው።

ሌላው ሥራው ብልጭታውን በጊዜው ማድረስ ነው። ቤንዚን ለመቀጣጠል ጥቂት ጊዜ ስለሚወስድበት ብልጭታው ፒስተኑ ጫፍ ከመድረሱ በፊት መድረስ አለበት። ሞተሩ በፈጠነ ቁጥር ብልጭታው ይበልጥ መቅደም ይኖርበታል። ይህን የሚያደርጉት ከፑንቲናዋ በታች ያሉ በሞላ የተያዙ ሁለት ክብደቶች ናቸው። ከጎኑ የተለጠፈው፣ በቀጭን ጎማ ከካርቡሬተሩ ጋር የተያያዘው ክብ ቆርቆሮ ደግሞ የሞተሩን የአየር ስበት እየለካ፣ መኪናው ሸክም ሳይበዛበት ሲሄድ ብልጭታውን ተጨማሪ ጥቂት ዲግሪ ያስቀድማል። የቤንዚን ቁጠባው ያለው በአብዛኛው እዚህች ቆርቆሮ ውስጥ ነው። በአገራችን አሮጌ መኪኖች ላይ ብዙ ጊዜ ጎማዋ ተቆርጦ፣ ጫፏ በብሎን ተደፍኖ ይገኛል።

ደጋው የሚያደርገው

ላሊበላ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ከወልድያ በጋሸና በኩል 170 ኪሎ ሜትር ያህል ያለው መንገድ ደግሞ ከከተማዋ ይበልጥ ከፍ ወዳለ አምባ ወጥቶ ነው የሚወርደው፤ ከላሊበላ በላይ ያለው አቡነ ዮሴፍ ተራራም ከ4,200 ሜትር ይበልጣል። በ2,500 ሜትር የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ላይ ካለው በሩብ ያህል ያንሳል፤ በ3,000 ሜትር 30 በመቶ ያህል ያንሳል። እንግዲህ ዳገቱን የሚወጣ ማንኛውም ተርቦ የሌለው ሞተር፣ አዲስም ቢሆን፣ ያንኑ ያህል ጉልበት ይጎድለዋል። ይህ ጤነኛ ድካም ነው። ሻጭም ገዥም መጀመሪያ ይህን ከሒሳቡ ማውጣት አለባቸው።

ችግሩ ከዚያ በላይ ያለው ድካም ነው። አየሩ ሲሳሳ ካርቡሬተሩ የሚሰጠው ቤንዚን ከአየሩ ጋር ሲመዛዘን ይበዛል፤ ሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ድብልቅም ስስ ስለሚሆን እሳቱ ቀስ ብሎ ይሄዳል። ስለዚህ ደጋ ላይ ብልጭታው ከቆላው ይልቅ ጥቂት ቀደም ቢል ይመረጣል። የስበት ቆርቆሮዋ ግን የምትሠራው ከውጭው አየርና ከሞተሩ ውስጥ ባለው ግፊት መካከል ባለ ልዩነት በመሆኑ፣ የውጭው አየር ሲደክም የእርሷም ጉልበት ይደክማል። ሞተሩ ብልጭታ ይቅደምልኝ በሚልበት ቦታ ዲስትሪቢዩተሩ ያዘገየዋል ማለት ነው። ቶዮታ ከፍተኛ ቦታ ላይ ለሚሠሩ አንዳንድ የቀድሞ ሞዴሎቹ ይህን የሚያካክስ የተለየ መሣሪያ መግጠሙ ጉዳዩ ተራ ወሬ አለመሆኑን ያሳያል።

መፍትሔው ከባድ አይደለም። ዲስትሪቢዩተሩን የያዘውን ብሎን ላላ አድርጎ አካሉን ሮቶሩ ከሚዞርበት አቅጣጫ በተቃራኒ በጥቂቱ ማዞር ብልጭታውን ያስቀድማል። ከፋብሪካው ልክ ላይ ሁለት ወይም ሦስት ዲግሪ ይበቃል። ነገር ግን ያው መኪና ሰው ጭኖ ወደ ቆቦ ወይም ወደ ሚሌ ሙቀት ሲወርድ አስቀድሞ የመጣው ብልጭታ ጠላት ይሆናል፤ ሞተሩ ጋዝ ሲረገጥ እንደ ጠጠር ይንኳኳል፤ ይህን ድምፅ ችላ ያለ ሰው ፒስተን ያስበሳል። ስለዚህ የላስታ ልክና የቆላ ልክ ሁለት ምልክት ሆነው አካሉ ላይ በመርፌ ተጭረው ቢቀመጡ ሹፌሩ በመፍቻ ብቻ ሊያስተካክለው ይችላል።

ስስ አየር ሌላም ጉዳት አለው። ከፍተኛ ቮልት በስስ አየር ውስጥ በቀላሉ ይዘላል። የአውሮፕላን ሠሪዎች ከፍ ብለው ለሚበሩ ሞተሮች ማቀጣጠያውን አየር የሚጨምቁለት ለዚሁ ነው። ስለዚህ አዲስ አበባ ላይ ምንም ያልነበረው የተሰነጠቀ ክዳን ጋሸና ላይ፣ በክረምት ጉም ደግሞ በተለይ፣ ብልጭታውን ወደ ጎረቤት ገመድ ያስዘልለዋል። ሌሊት ክዳኑን ቀና አድርጎ ሞተሩን ያስነሳ ሰው ሰማያዊ ጅራት እንደ ሸረሪት ድር ሲሮጥ ያያል። በእርሳስ የተሰመረ የሚመስል ቀጭን ጥቁር መስመር ክዳኑ ውስጥ ከታየ ክዳኑ አልቋል፤ በብርጭቆ ወረቀት ማሸት ለሳምንት እንጂ ለወር አይሆንም።

ሰው የማያየው ብልሽት

ብዙ ባለቤት ፑንቲና ይቀይራል። አዲሷ ትገባለች፣ ክፍተቷ ይለካል፣ ለቮልስዋገንም ለላዳም 0.4 ሚሊ ሜትር፣ ለቀድሞው ላንድክሩዘር 0.45 ያህል ይደረጋል፤ መኪናው ለአሥር ቀን ይሸልላል፤ ከዚያ ወደ ድሮው ይመለሳል። ባለቤቱ «የቻይና ዕቃ» ብሎ ያማርራል። አንዳንዴ እውነት አለው። ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ ያለው ፑንቲናዋን ከሚከፍተው ዘንግ ላይ ነው።

ዘንጉ የሚዞረው ቦኮላ ውስጥ ነው። ቦኮላው በአሠርት ዓመታት ሲበላ ዘንጉ ይወዛወዛል። ክፍተቷ 0.4 ሚሊ ሜትር ብቻ ለሆነች ዕቃ የ0.1 ሚሊ ሜትር ውዝዋዜ ሩብ ያህል ስህተት ነው፤ አንዱ ሲሊንደር ብልጭታው ይቀድምበታል፣ ሌላው ይዘገይበታል። ሚኒሞው ይንቀጠቀጣል፣ ሞተሩ ያስነጥሳል፣ መለኪያ የያዘ ሰው ሁሉ የተለያየ ቁጥር ያነባል። ይህን ለማወቅ ማሽን አያስፈልግም። ክዳኑን ማንሳት፣ ሮቶሩን ማውለቅ፣ የዘንጉን ጫፍ በሁለት ጣት ይዞ ወደ ጎን መግፋት ነው። ጣት ላይ «ቀጭ» የሚል እንቅስቃሴ ከተሰማ ቦኮላው ተበልቷል፤ ፑንቲና ቢቀያየር ለውጥ የለውም። (የድሮ ቮልስዋገኖች ላይ አንድ መጠንቀቂያ አለ፦ የዘይት ማቀዝቀዣው የሦስተኛውን ሲሊንደር አየር ስለሚቀማ ፋብሪካው ሆን ብሎ የዚያን ሲሊንደር ብልጭታ በጥቂት ዲግሪ ያዘገየባቸው ዲስትሪቢዩተሮች አሉ። ይህን የማያውቅ ሜካኒክ ጤነኛውን ዕቃ «ተበልቷል» ብሎ ሊያስጥል ይችላል።)

ቦኮላ መሥራት ቶርኖ ቤት ላለው ከተማ ሁሉ የሚቻል ሥራ ነው። ነሐሱ ተቆርጦ፣ ተጨምቆ ገብቶ፣ ለዘንጉ ልክ ይወጣል። ባለቤቱ ግን ብዙ ጊዜ አዲስ አበባ መርካቶ ሶማሌ ተራ ወርዶ ሙሉ ያገለገለ ዲስትሪቢዩተር መግዛትን ይመርጣል። ይህ ምርጫ መጥፎ አይደለም፤ ግን ከሌላ መኪና የወረደው ዕቃም ያንኑ ያህል ዕድሜ ያለው መሆኑን መርሳት አይገባም። ጣትን ወደ ዘንጉ መውሰድ እዚያው ቆጣሪው ፊት ነው እንጂ ላሊበላ ከደረሱ በኋላ አይደለም። ሐምሌ 2013 እና ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. መካከል ከተማዋ በጦርነት ከእጅ ወደ እጅ ስትተላለፍ፣ ከ2015 መጨረሻ ጀምሮም በክልሉ በተነሳው ግጭት መንገድ በተዘጋ ቁጥር «እመልሰዋለሁ» ብሎ ዕቃ መግዛት ምን ያህል ከንቱ እንደሆነ የአካባቢው ሰው አይቷል።

ስለ ኮንደንሰር ጥቂት ማለት ይገባል። የፑንቲናዋ ፊት ቶሎ እየጠቆረና እየተቦረቦረ ካስቸገረ፣ ስትከፈትም ትልቅ ብጫ ብልጭታ ከታየባት ጥፋቱ የኮንደንሰሩ ነው። ዛሬ ገበያ ላይ ያሉት አዳዲስ ኮንደንሰሮችና ሮቶሮች ከድሮዎቹ ያነሰ ጥራት እንዳላቸው በዓለም ዙሪያ የአሮጌ መኪና ባለቤቶች የሚያነሱት እሮሮ ነው። ስለዚህ የሚሠራውን አሮጌ ኮንደንሰር «አዲስ ይግባ» ብሎ መጣል ጥበብ አይደለም።

ይጠገን ወይስ ይሻሻል

አሁን ገበያው ላይ የሚቀርበው ማሻሻያ በሦስት መልክ ነው። አንደኛው ሙሉ የኤሌክትሮኒክ ዲስትሪቢዩተር ነው። ሁለተኛው ፑንቲናዋንና ኮንደንሰሩን አውጥቶ በቦታቸው የሚገባ ትንሽ ሞጁል ነው፤ ዘንጉ ላይ የማግኔት ቀለበት ይገባና ሞጁሉ ማግኔቱን እየቆጠረ ቦቢናውን ያቋርጣል። ሦስተኛውና ብዙ የማይነገርለት፣ ፑንቲናዋ እንዳለች ሆና ሸክሙን ትራንዚስተር የሚሸከምላት ሳጥን ነው።

ሻጮቹ «ጉልበት ይጨምራል፣ ቤንዚን ይቆጥባል» ይላሉ። አባባሉ ግማሽ እውነት ነው። ሞጁሉ በጤነኛ ዲስትሪቢዩተር ላይ ሲገባ አዲስ ጉልበት አይፈጥርም፤ የተበላች ፑንቲና ታባክነው የነበረውን ይመልሳል እንጂ። ትልቁ ጥቅሙ መበላት ስለሌለበት ታይሚንጉ ከወር ወር አለመንሸራተቱ ነው። የሚወዛወዝ ዘንግ ላይ የተገጠመ ሞጁል ደግሞ ሕመሙን ይሸፍናል እንጂ አያድንም። ክብደቶቹ ዝገው ከተጣበቁ፣ የስበት ቆርቆሮዋ ሽፋን ከተቀደደ፣ የውጭ ምንዛሪ የወጣበት ሞጁል ምንም አይረዳም።

ላስታ ላይ ሌላም ጥያቄ ይነሳል፦ ሲበላሽስ? ፑንቲና ቀስ እያለች ትሞታለች፤ አስቀድማ ታስነጥሳለች፣ ታስጠነቅቃለች፤ መንገድ ላይ በጥፍር ሞረድ ተወልውላ፣ ክፍተቷ በወፍራም ወረቀት ተገምቶ ሰውን ቤቱ ታደርሳለች። ሞጁል ግን ሲሞት በአንድ ጊዜ ነው። ሞተሩ ሳይነሳ ቁልፉ ተከፍቶ ሬዲዮ እየሰሙ መቀመጥ ብቻ የቀድሞዎቹን ሞጁሎች ያቃጥላቸዋል። ባትሪው ተገላብጦ ከታሰረ በዓይን ጥቅሻ ይሞታሉ። እስከ 1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አጋማሽ የተሠሩ ላንድሮቨሮች አካላቸው የሚታሰረው ከባትሪው ፖዘቲቭ ጋር ስለሆነ፣ ለተለመደው አስተሳሰር የተሠራ ሞጁል የገጠመላቸው ሰው ገንዘቡን በሴኮንድ ያጣል። ጋሸናና ላሊበላ መካከል 60 ኪሎ ሜትር ያህል አለ፤ ለታኅሣሥ 29 የልደት በዓል መንገደኛ ጭኖ ሞጁሉ የተቃጠለበት ሰው የዓመቱን ምርጥ ገበያ ዳር ቆሞ ነው የሚያየው።

ስለዚህ ለደጋው መንገድ የሚሻለው ቅደም ተከተል ገበያው ከሚለው የተገላቢጦሽ ነው። ገንዘቡ መጀመሪያ ለቦኮላው፣ ቀጥሎ ለጤነኛ ክዳንና ለስበት ቆርቆሮዋ ይዋል። የቀረ ካለ ትራንዚስተር ያለው ሳጥን ተመራጭ ነው፤ ሲቃጠል አንዲት ሽቦ ወደ ቀድሞ ቦታዋ መልሶ በፑንቲና መቀጠል ይቻላልና። ሞጁሉን የመረጠ ሰውም የተስተካከለች ፑንቲና ከነሳህኗና ከነኮንደንሰሯ በጨርቅ ጠቅልሎ ከመቀመጫው ሥር ካላስቀመጠ ሥራው ግማሽ ነው። ከአዲስ አበባ የማይወጣ ላዳ ላይ ግን ፍርዱ ይለወጣል፤ እዚያ ሞጁሉ በየጊዜው ከሜካኒክ ጋር ከመጋፈጥ ያድናል፣ ቢቃጠልም መርካቶ ቅርብ ነው።

የሁሉም ስህተት መነሻ የሆነች አንዲት ዕቃ አለች፤ ቦቢና። ለፑንቲና የሚሆነው ቦቢና ውስጣዊ መቋቋሙ 3 ኦም ያህል ነው። ገበያ ላይ «ኃይለኛ» እየተባለ የሚሸጠው 1.5 ኦም ወይም ከዚያ ያነሰ ሲሆን፣ መቀነሻ ተቃዋሚ ሳይጨመርለት ከገባ ፑንቲናዋንም ሞጁሉንም በሙቀት ይጨርሳል። አንድ ርካሽ የኤሌክትሪክ መለኪያ ይዞ ሱቅ ውስጥ መለካት የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው፤ የማያስለካ ሻጭ ዘንድ አለመግዛት ነው።

ዋጋ ከመቆረጡ በፊት

ለገዥም ሆነ ለደላላ የሚጠቅመው ፍተሻ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ የሚደረገው ነው። ክዳኑ ውስጥ ጥቁር መስመር መኖሩን ማየት፣ ዘንጉን በጣት መግፋት፣ ሮቶሩን በሚዞርበት አቅጣጫ ጥቂት ጠምዝዞ መልቀቅና በሞላው ወደ ቦታው መመለሱን ማረጋገጥ፤ ካልተመለሰ ክብደቶቹ ተጣብቀዋል። የስበት ቆርቆሮዋን ጎማ ከካርቡሬተሩ ነቅሎ በአፍ መሳብ፦ የፑንቲናዋ ሳህን ተንቀሳቅሶ ምላስ ጎማውን ሲደፍን ባለበት ከቆየ ሽፋኑ ደህና ነው። ታይሚንጉን ለማየት ባለ 12 ቮልት አንድ አምፖል በቦቢናው የፑንቲና ጫፍና በሞተሩ አካል መካከል ይታሰራል፤ ቁልፉ ተከፍቶ ሞተሩ በእጅ ቀስ ብሎ ሲዞር አምፖሉ የሚበራው ፑንቲናዋ ስትከፈት ነው፤ ያን ጊዜ የፑሌጃው ምልክት ከፋብሪካው ልክ ጋር መገናኘት አለበት። አሥር ደቂቃ አይፈጅም።

ይህ ሁሉ ተፈትሾ ደህና ከሆነና መኪናው አሁንም ዳገቱን የማይወጣ ከሆነ፣ ያን ጊዜ የሲሊንደሩ ግፊት ይለካ። አንዱ ሲሊንደር ከሌሎቹ በእጅጉ ዝቅ ካለ ሻጩ እውነቱን ነው፤ ሞተሩ ደክሟል፤ ዋጋውም እንደዚያው ይሆናል። ግፊቱ እኩል ሆኖ ዘንጉ ብቻ የሚወዛወዝ ከሆነ ግን የሚደራደሩት ስለ አንድ ቦኮላ ነው። ሻጩ ይህን አውቆ ከገበያ በፊት ወልድያ ቶርኖ ቤት አሠርቶት ቢመጣ፣ ልዩነቱ ለደላላው ሳይሆን ለራሱ ኪስ ይሆናል።